አፈሩ ኮመጠጠ ወደተባለበት አገር

ከጎጃም ወደ ጉራጌ አገራችን ከተመለስኩ ወዲህ አረቅጥ ገበያ በወጣሁ ቁጥር የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው አገሩ?» ይለኛል። «ደህና ነው» ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። አንድ ቀን ቆሜ ስተርክ ገበያው ተበትኖ ሽንኩርት ሳልገዛ ተመልሻለሁ። እንግዲያው ለሁላችሁም በአንድ ጊዜ ይሁን ብዬ ጻፍኩት። መምህር ሆኜ ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ጽሑፍ ሳርም ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የሄድኩበት ምክንያት እንዲህ ነው። ልጄ ዳዊት አዲስ አበባ ላይ ያገባት ስመኝ የጎጃም ልጅ ናት፤ አገሯ ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ሲናን። ሰርጋቸው በክረምት ስለነበር ወላጆቿን እርሻውም መንገዱም ይዟቸው አልመጡም። ግንቦት ላይ እናቷ ደውላ «አባትሽና ወንድምሽ በላይኛው ማሳ የተነሳ አይነጋገሩም፤ እባክሽ ነይ» አለቻት። ዳዊት ከሥራ መውጣት አልቻለም። «እኔ አብሬሽ ልሂድ» አልኳት። የልጄን አማቾች ቤታቸው ድረስ ሄጄ አለማየቴ ነውር ሆኖብኝ ነበር። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓባይን አይቼ አላውቅም።

ሰኞ

ባዶ እጄን ሰው ቤት አልገባም ብዬ ከጓሮዬ እንሰት ያወጣሁትን ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ፣ በፌስታል ደግሜ፣ ከመቀመጫችን በላይ አስቀመጥኩት። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ማንም አላወቀብኝም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ሙቀቱ መጣ፤ ቆጮውም ተነሳ።

የጊቤን ቁልቁለት የምታውቁ ሁለት ሦስት ጊዜ እጥፍ አድርጉት፣ ያ ነው የዓባይ በረሃ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ወንዙ ግን አይታይም። ግማሽ ላይ ፍሬኑ ግሎ አውቶቡሱ ቆመ። ረዳቱ መስኮት ለመክፈት ሲያልፍ አፍንጫውን ያዘና «ምንድን ነው የሞተው? የማን ዕቃ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ስመኝ «የእናቴ ነው፣ ምግብ ነው» አለች፤ ፊቷ ግን ቲማቲም መስሏል።

ከጎናችን ነጭ የጠመጠሙ አዛውንት መሪጌታ ተቀምጠው ነበር፤ ደጀን ወርደው ወደ ዲማ የሚሄዱ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም። አሁን ቀና ብለው «ምን ዓይነት ምግብ ነው?» አሉኝ።

«ቆጮ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያውስ ሳልቀምሰው ብወርድ ይቆጨኛል» አሉ።

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎጃም ሰው አፍ የሰማሁት ቅኔ በእኔው ቆጮ ላይ የተዘረፈ ሆነ። ለስንቅ ከጋገርኩት ቆርሼ ሰጠኋቸው፤ ቀስ ብለው አላመጡና «ጾም የሚያስረሳም አይደል፣ ጾም የሚያስፈታም አይደል» አሉ። ማመስገናቸው ይሁን መተቸታቸው እስካሁን አልገባኝም። ረዳቱም ቁራሽ ወሰደ፤ ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ውኃውን ያሳየኝ እሱ ራሱ ነበር።

ደጀን ላይ ምሳ በላን። በዓለ ሃምሳ ስለነበር የጾም ነገር የለም፣ ቅቤ የነካው ሽሮ ነው። ከዚያ እስከ ሉማሜና ደብረ ማርቆስ ያለው ሜዳ አፌን አስከፈተኝ። እኛ ጋ ቤት የሚታወቀው በእንሰቱ ነው፤ መጀመሪያ እንሰቱን ታያለህ፣ ቀጥሎ ጣሪያው ብቅ ይላል። እዚህ ግን ቤቶቹ እርሻ መካከል ምንም ሳይለብሱ ቆመዋል። «ጓሯቸው የታል?» አልኳት ስመኝን። ሳቀችና እጇን በሜዳው ሁሉ ላይ ዘረጋች። «ይኸው ነው እማዬ፣ ሁሉም ጓሮ ነው።» እኔ ግን የበለጠ ግራ ገባኝ። ይህ ሁሉ ጓሮ ያለው ሰው እንዴት በማሳ ይጣላል?

ደብረ ማርቆስ ያደርንበት ማረፊያ «ሙቅ ውኃ አለ» የሚል ሰሌዳ ነበረው፤ ቧንቧው ግን ሙቁም ቀዝቃዛውም የለውም። ባለቤቲቱ ስታፍር አይቼ እኔም አፈርኩ። በጀሪካን አሙቃ ይዛ መጣችና፣ እምቢ ብላት በግድ፣ እያፈሰሰች አስታጠበችኝ።

ማክሰኞ

ወደ ሲናን ከተማ፣ ወደ ረቡዕ ገበያ፣ የሚወጣው ሚኒባስ ሲሞላ ረፋድ ሆነ። መንገዱ እየወጣ በሄደ ቁጥር ብርዱ የእኛን የጉመርን እየመሰለ መጣ፤ ባሕር ዛፉም እንዲሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ስመኝ እየጠቆመች «ይህ ልጅ ሆኜ ስንዴ ነበረ፣ ያኛው ባቄላ ነበረ» ትለኛለች። ሾፌሩ ሰምቶ «አሁን ደግሞ ማገር ነው» አለ።

ከከተማዋ ወደ ቤታቸው በእግር ነው የሚኬደው። ሌሊት ዘንቦ ነበርና ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠው። ስመኝ ክንዷን እስከ ክርን ከትታ ፈለገች፤ አልተገኘም። በአንድ እግሬ ካልሲ፣ በአንድ እግሬ ጫማ ሆኜ ነው እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቾቼ ደጅ የደረስኩት። የልጄን ክብር ላስጠብቅ ብዬ የለበስኩት ጥልፍ ቀሚስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

ወይዘሮ ይታይሽ፣ የስመኝ እናት፣ ከበሩ ሮጣ ወጣች። ከእኔ ቀጠን ትላለች፣ ዕድሜያችን ይቀራረባል። እግሬን አየች። ወዲያው የራሷን የላስቲክ ጫማ አውልቃ ከፊቴ አስቀመጠችው።

«እርስዎስ?» አልኳት።

«እኔ አገሬ ነው» አለች።

ከዚያ ውኃ አሙቃ እግሬን ልታጥብ ተንበረከከች። ታገልኳት። ባሏ አቶ ጥሩነህ ከውስጥ ሆኖ «ይተዉዋት እትዬ አስካለ፣ ይህን ካልሠራች እንቅልፍ አይወስዳትም» አለኝ። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ልጁ አንተነህ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ እርሻ ላይ የተመለሰ ወጣት ነው። ሁለቱም ለእኔ ይናገራሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን ቃል የለም። «ጨው አቀብለኝ በዪው» የሚባለው በይታይሽ በኩል ነው።

እራት ላይ የቀረበው እንጀራ ጠቆር፣ ሻከር ያለ ነበር። «የምንድን ነው?» ስል አቶ ጥሩነህ «እንግዶ ነው» አለኝ። አጃ የሚመስል እህል ነው። «ገብስ እምቢ ያለው መሬት ላይ እሱን እንዘራለን። እንግዶ መሬት አይንቅም።» አንተነህ እንጀራውን እያየ «መሬት ሲሞት የሚበቅል ነው» አለ። ይታይሽ ወጥ ጨመረችለት።

ረቡዕ

ጠዋት ጓሮ ስወጣ ሁለት እንሰት አየሁ! ዘመድ ያገኘሁ ያህል ጮኽኩ። ይታይሽ «ኮባው ነው፣ ዳቦ የምንጋግርበት» አለች። ለቅጠሉ ብቻ ነው የተከሉት። ሥሩና ግንዱ እንደሚበላ፣ ቤተሰብ እንደሚያኖር ስነግራት ሳቋ አላቆም አለ። «ሥሩን? ቆፍራችሁ?» ትላለች። ያመጣሁትን ቆጮ ማስረጃ አድርጌ ጋገርኩላት። በላች፤ በልታም «ረሃብ ሲመጣ ደግ ነው» አለች። በጎጃም ስለ ቆጮ የተሰጠ ከፍተኛው ምስጋና ይኸው ነው።

ቀጥሎ አቶ ጥሩነህ ጠብ ያመጣውን ማሳ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ሁለት ጥማድ ነው፤ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። ቀይ አፈር፣ ደኅና የሚመስል። «ምን ሆነ?» አልኩት።

«ኮመጠጠ።»

«አፈር ይኮመጥጣል?»

«ዝናቡ ደጉን ነገር አጥቦ ወሰደው፣ እኛም ዕረፍት ነፈግነው። የባለሙያዎቹ ቃል አሲዳማ ነው፤ እኛ ኮመጠጠ እንላለን። አምና የዘራሁትን ዘር መልሶልኛል፣ ከዚያ ብዙም አላለፈም። ማዳበሪያ ብንጨምር እንኳ አይቀበለንም።»

ጎንበስ ብዬ ቆንጠር አድርጌ ምላሴ ላይ አደረግኩት። አትሳቁ፤ መምህር ነኝ፣ ሳልሞክር አላምንም። አፈር አፈር ከማለት በቀር ምንም የለውም። አቶ ጥሩነህ እንባው እስኪመጣ ሳቀና «እትዬ፣ እሱን የሚቀምሰው ገብሱ ነው!» አለኝ።

ከማሳው ጥግ አንተነህ የባሕር ዛፍ ችግኝ አፍልቷል፣ በመደዳ፣ በደንብ የተያዘ። ሐሳቡ ሐምሌ ላይ ሁለቱንም ጥማድ መትከል ነው። አባቱ ደግሞ ዘንድሮም ገብስ ካልዘራሁ ብሏል። ጠቡ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው አሉኝ፤ ቤት የምንቀባበትን የሚመስል፣ የተፈጨ ድንጋይ። የገበያ ቀን ስለነበር ሦስታችን፣ ስመኝ፣ አንተነህና እኔ፣ ወደ ከተማዋ ወረድን። ለእኔ ጫማ፣ ለቤቱ ጨው ገዛን። የኖራው መጋዘን በር ላይ አንዲት ወጣት የግብርና ባለሙያ አገኘን። ኖራው በዚያ ሳምንት ገብቷል፤ ነገር ግን የጭነት መኪና በጭቃው ሽቅብ መውጣት ስላልቻለ እዚያው ተቆልሏል። ገበሬው መኪናውን ይጠብቃል፣ መኪናው ፀሐይ ይጠብቃል።

አንተነህ «ባለፈው ጊዜ አባቴ ወስዶ ነበር። እንደ ድንጋይ ነው የሰጣችሁት። ምን ጠቀመ?» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አለ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። «ዝናብ መትቶት ነበር። በዚያም ላይ ከዘሩ ጋር በአንድ ቀን በተናችሁት። ከዘር በፊት አንድ ወር ያህል ካልቀደመና ካልታረሰበት አፈሩ ውስጥ አይሠራም። አሁን ከወሰዳችሁ ለገብስ ይደርሳል። ከሳምንት በኋላ ከመጣችሁ ግን አልዋሽህም፣ አይደርስም።»

አንተነህ ከተከፈተው ጆንያ ዘግኖ በጣቶቹ መካከል አፈሰሰው። «ይህስ ዱቄት ነው» አለ ለራሱ። በመንገዱ ላይ ግን «ዛፍ አይዋሽም እትዬ፤ ከተከሉት ይበቅላል» አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው።

ሐሙስ

የወሩ ማርያም ነበረች። በሬ አይጠመድም፣ ሁሉም ቤት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይታይሽ ቁርስ ካቀረበች በኋላ ቀጥ ብላ «እንግዳ ባለበት እንነጋገር፤ እንግዳ ፊት ሰው ያፍራል» አለች።

አባትየው ተናገረ። መሬት እህል ነው፣ ዛፍ አይቆረጠምም አለ። ልጁ ተናገረ። ዘር እየቀበርን ዘር ከምናወጣ፣ ዛፉ አድጎ ተሸጦ ከገበያ እህል እንገዛለን አለ። ስመኝ የኔ የመሬት ድርሻ ይቅር፣ ብቻ ታረቁ አለች። ከዚያ ያልጠበቅኩት ሆነ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«በእናንተ አገርስ እትዬ? ባሕር ዛፍ አላችሁ?» አለኝ አንተነህ።

አለን ወይ! ምን ልበል? ይታይሽ በዓይኗ ትለምነኛለች። እናንተ እንደምታውቁት ባሕር ዛፉ ከበዛ ወዲህ የታችኛው ምንጫችን ደክሟል፤ በዛፉ አጠገብ ያለው ጎመንም አይረባም። ያንን ነገርኳቸው። ግን ይህን ብቻ ብናገር ግማሽ እውነት ነው። «ዳዊት ዩኒቨርሲቲ የተማረው በባሕር ዛፍ ነው። የቤታችን ቆርቆሮም ከእሱ ነው» አልኩ።

አንተነህ ፊቱ በራ። ይታይሽ ወደ ጓዳ ገባች፤ ዕቃ ስታንኳኳ ይሰማል። የሰው ትዳር ልፈታ የመጣሁ መሰለኝ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ አፈርኩ።

«ከተተከለ በስንት ዓመቱ ተቆረጠ?» አለ አንተነህ።

«አምስት፣ ስድስት ዓመት ይፈጃል።»

«በዚያ መካከል ምን ትበሉ ነበር?»

«እንሰት ነዋ። ከጓሮ ነቅለን። ዛፉን የተከልነው ከእንሰቱ ወዲያ ባለው ላይ ነው።»

 አንተነህ መልሱን እንደ ጠጠር ሲያገላብጠው አየሁት። ከዚያ፣ ለአባቱ፣ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ «እኛ በዚያ መካከል ምን እንበላለን?» አለ።

አቶ ጥሩነህ «እሱን ነው የምጠይቅህ» አለው።

ይታይሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «እንግዲያው ለምን በዚህ ቃል አልጠየቅኸውም? በጋውን በሙሉ ‹አባትህ ነኝ› ስትለው ከረምህ!» አለች። ስመኝ ሳቀች። አንተነህ ግን አልሳቀም። «ኖራውን አንዱ ጥማድ ላይ እንሞክረው። ነገ ካልሆነ ቅዳሜ ጊዮርጊስ ነው፣ ከዚያ እሑድ ነው፤ ያልፈናል» አለና አህያ ሊለምን ወጣ።

ዓርብ

ሁለት አህዮች የቤቱ፣ አንዷ የጎረቤቱ የአያ ሙሉ። አያ ሙሉ አህያዋን ሲሰጥ «በእናንተ ማሳ ላይ እንየው፤ ከሠራ ከርሞ የእኔ ይቀጥላል» አለ። ለመሳቅ አጥር ላይ የቆሙ ሌሎች ጎረቤቶችም ነበሩ። «ቤት ልትቀቡ ነው?» ይላሉ።

ወርደው ጭነው ሲወጡ፣ ሁለተኛውን ዙር ደመናው ያዘው። ኖራው ከረጠበ እንደ ድሮው ድንጋይ ነው። አህዮቹ ዳገቱ ወገብ ላይ ሳሉ ጠብታው ጀመረ። ይታይሽ ሸራ ይዛ ሮጠች፣ እኔም በአዲሱ ጫማዬ ተከተልኳት። ሸራው ሁለቱን አህዮች ሸፈነ፣ ሦስተኛዋ ቀረች። ያን ጊዜ ይታይሽ ጋቢዋን ገፍፋ ጆንያው ላይ ጣለችውና በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እኔም የእኔን ደረብኩበት። ከላይ ዝናብ፣ ከታች የአህያይቱ ትንፋሽ። ጆንያው ሲያጋድል በትከሻዬ ልደግፈው ስል «ልቀቂው አንቺ ሴትዮ፣ ወገብሽ ይቀራል!» ብላ ጮኸችብኝ።

ከዚያ አፏን ያዘች። «ይቅርታ፣ እትዬ… አንቺ አልኩዎት።»

«ይብላኝ ላልተባለ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ በመካከላችን እርስዎ የሚባል አልተመለሰም።

ዝናቡ አላፊ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣ። አፋችንን በጨርቅ አስረን፣ ነፋሱን በጀርባችን አድርገን በተንን። አባትና ልጅ ጎን ለጎን፣ አንዱ ጆንያ ይዞ ሌላው እየዘገነ። ሲያልቅ ሁላችንም ከወፍጮ ቤት የወጣን መስለናል፤ የአቶ ጥሩነህ ቅንድብ ነጭ ነው። ስመኝ ለዳዊት ፎቶ ላከችለት። «እናቴን ምን አደረጋችኋት?» ብሎ መለሰ።

ቅዳሜና እሑድ

ስለ ሁለቱ ቀን የምጽፈው ብዙ የለም፤ መብላት ነበር። ጊዮርጊስን የሚዘክር ቤት ሁሉ ይጠራል። እኔም ሁሉም ሊያያት የሚጓጓላት እንግዳ ሆኜ «አፈር የቀመሰችው» እየተባልኩ ከቤት ቤት ዞርኩ። ወገቤ ግን በእውነት ታሞ ነበር፤ ይታይሽ በቅቤ አሸችው።

አንተነህ ችግኞቹን አልጣላቸውም። ግማሹን ለገበያ አወጣለሁ፣ ግማሹን ምንም በማይበቅልበት፣ ጎርፍ በሸረሸረው ቦረቦር ዳር እተክላለሁ አለኝ። ሁለተኛው ጥማድስ? «እንግዶ» አለ። «መሬት አይንቅም።»

ሰኞ

በጠዋት ሸኙን። ጥንድ በሬው ነጩን ማሳ ወደ ቀይ ሲገለብጠው ከመንገዱ ቆመን አየን። ይታይሽ ድንችና የገብስ ቆሎ አሸክማኝ ነበርና ስመለስ ሸክሜ ስሄድ ከነበረው ይልቅ ከበደኝ። ዓባይን በመመለሻዬ ተኝቼ አለፍኩት። ረዳቱ ሌላ ነበር፣ ማንም አልቀሰቀሰኝም።

እህሉ ከታጨደ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ እኔው ደወልኩ። ኖራ በነካው ጥማድ ገብሱ ከአምናው በልጦ እንደታየ፣ አያ ሙሉም ለከርሞ ኖራ ይምጣ አይምጣ ከአሁኑ እየጠየቀ እንደሆነ አንተነህ ነገረኝ። ይመጣል ወይ አልኩት። «የሚያውቅ የለም» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ለእናቱ ሰጠ።

«እህሉ እስከ መቼ ያደርሳችኋል?» አልኳት። እኛ እንሰት በጓሮ ያለን ሰዎች ይህን ጥያቄ ብዙም አንጠይቅም፤ የእኛ ጎተራ መሬት ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። የእነሱ ግን ተወቅቶ ይገባል፣ ተበልቶ ያልቃል።

«አምና ሚያዝያ ላይ ጎተራውን ጠርጌ ነበር» አለች። «ዘንድሮ ወደ ሰኔ ይጠጋል።»

«ከሰኔ እስከ አዲሱ እህልስ?»

 እንዳስከፋኋት አስቤ ሌላ ነገር ልጀምር ስል ሳቋን ሰማሁት።

«አንቺ ደግሞ! ሁለት ወር አገኘሁ እያልኩሽ!»